«በረዶው እስኪወፍር ጠብቅ»

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ወይም ወደ ጎንደር በባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 የተጓዘ ሰው በመስኮት በኩል የክንፉን ፊተኛ ጠርዝ ሳያይ አይቀርም። ሌላው የክንፉ አካል ብርማ ወይም ነጣ ያለ ሆኖ ሳለ ጠርዙ ብቻ ጥቁር ነው። ጎማ ነው። ክንፉ በረዶ ሲይዝ በጎማው ውስጥ አየር ይነፋል፤ ጎማው ሲያብጥ በላዩ የተጋገረው በረዶ ይሰነጣጠቅና ነፋስ ጠራርጎ ይወስደዋል። ከዚያ አየሩ ይለቀቃል፣ ጎማው ተመልሶ ከክንፉ ይለጠፋል። መሣሪያው ይኸው ነው። ከፊኛ ብዙም የራቀ አይደለም።

ዛሬ የማወራው ስለዚህ ጎማና አብሮት ስለኖረ አንድ ምክር ነው። ምክሩ ከአብራሪ ወደ አብራሪ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሲሆን እንዲህ ይላል፦ በረዶ መያዝ እንደጀመረ ጎማውን አትንፋ፤ 6 ሚሊ ሜትር፣ እንዲያውም 12 ሚሊ ሜትር እስኪወፍር ታገሥ። በአየር መንገዶች መመሪያ ተጽፎ፣ በማሠልጠኛ ክፍል ተነግሮ፣ አንጋፋው ለጀማሪው እየመከረበት 60 ዓመት ያህል ኖረ። ምክሩ ስህተት ነበር። ስህተትነቱ እስኪታመን ድረስ ደግሞ ሰው አልቋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ በረዶው። ውሃ ዜሮ ዲግሪ ላይ ይረጋል ብለን ተምረናል። ለፍሪጅ ውሃ እውነት ነው። ደመና ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የደመና ጠብታ እጅግ ደቃቅ ስለሆነና ለመርጋት መነሻ የሚሆነው ቅንጣት ስለማያገኝ፣ ከዜሮ በታች 10፣ አንዳንዴም 20 ዲግሪ ወርዶ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ጠንካራ ነገር ሲነካው ግን እዚያው ይረጋል። በዚያ ደመና ውስጥ የሚያልፈው ጠንካራ ነገር አውሮፕላኑ ነው። የክንፉ ጠርዝ፣ የጅራቱ ክንፍ፣ ፕሮፔለሩ፣ የፊት መስተዋቱ፣ ፍጥነት የሚለካው ቀጭን ቱቦ ሳይቀር ጠብታውን እየተቀበሉ በረዶ ይለብሳሉ።

ብዙ ሰው አደጋው ክብደቱ ይመስለዋል። ክብደት አለው፣ አልክድም፤ ገዳዩ ግን ቅርጹ ነው። ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሳው አየሩ በላዩ ላይ ተስተካክሎ ስለሚንሸራተት ነው። አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበትን ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አስቡት። ያንን ያህል ውፍረትና ሸካራነት ያለው በረዶ ጠርዙ ላይ ሲጋገር የክንፉን የማንሳት ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየሩን ጎታችነት እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ክንፉ ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት ላይ እያለ አየሩ ይከዳዋል፤ አብራሪዎች «ስቶል» የሚሉት ይህንን ነው። ክፋቱ፣ አብራሪውን «ልትወድቅ ነው» ብሎ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ የተስተካከለው ለንጹሕ ክንፍ መሆኑ ነው። በረዶ የያዘ ክንፍ ከማስጠንቀቂያው በፊት ሊከዳ ይችላል።

እንግዲህ የምክሩ ዋና ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ጠብቅ የተባለው ሰው የብርጭቆ ወረቀቱን ውፍረት ካለፈ ቆይቷል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ምክር ከየት መጣ? በ1920ዎቹ በኒው ዮርክና በቺካጎ መካከል ፖስታ የሚያመላልሱ የአሜሪካ አብራሪዎች በብርዱ ወራት የአሌጌኒ ተራሮችን ያቋርጡ ነበር። መቀመጫቸው ክፍት፣ የአየር ትንበያቸው ደካማ ነው። ክንፋቸው በረዶ ሲይዝ የነበራቸው መላ ዝቅ ብሎ ሞቅ ያለ አየር መፈለግ ነበር፤ ከታች ያለው ግን ተራራ ነው። ብዙዎቹ በዚያ መስመር አልቀዋል። በ1928 የዛሬው ናሳ ወላጅ የሆነው ናካ የተባለ የምርምር ተቋም ቶማስ ካሮልና ዊሊያም ማክአቮይ የተባሉ አብራሪዎቹን በረዶ ያለበትን ደመና እየፈለጉ ሆን ብለው እንዲገቡበት አሰማራ። ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ደመና እያሳደዱ መግባት! ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ደመወዝ ስንት ይበቃል?

በዚያው ዘመን ዊሊያም ጊር የተባለ ሰው ብቅ አለ። በጉድሪች የጎማ ኩባንያ ውስጥ ኖሮ የወጣ ኬሚስት ነበር። በጉገንሃይም ፈንድ ድጋፍ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በረዶ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ቅባት ሲፈልግ ቆይቶ፣ ቅባት ብቻውን እንደማይበቃ ሲያይ ወደሚያውቀው ነገር ዞረ፤ ወደ ጎማ። በረዶው ይጣበቅ፣ ከዚያ ግን ከሥሩ እናላቅቀው አለ። በ1930ዎቹ የጉድሪች ጥቁር ጎማ በመንገደኛ አውሮፕላኖች ክንፍ ላይ የተለመደ ሆነ።

የዚያን ጊዜው ጎማ ግን የዛሬው አልነበረም። በውስጡ ያሉት ቱቦዎች ረጃጅምና ሰፋፊ፣ የሚነፋቸው ግፊት ደካማ ነበር። ቀስ ብሎ ይነፋል፣ ቀስ ብሎ ይከሳል። ከዚህ ጎማ ጋር አብሮ አንድ ፍርሃት ተወለደ። በረዶው ገና ስስ እያለ ጎማው ከተነፋ፣ በረዶው ከመሰበር ይልቅ ይለጠጥና ባበጠው ጎማ ቅርጽ ይረጋል፤ ጎማው ሲከሳ በረዶው እንደ ዋሻ ጣሪያ ከላይ ቆሞ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ጎማው በባዶ ዋሻ ውስጥ ቢነፋ ቢከሳ ማንንም አይነካም። ስሙንም «የበረዶ ድልድይ» አሉት። ሲሰሙት ያሳምናል። በዓይነ ሕሊና ይታያል። እንዲህ ዓይነቱ ማብራሪያ ደግሞ ማስረጃ የሚጠይቀው ሰው አያጣም ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ያጣል።

በ1940ዎቹ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ሉዊስ ሮደርት የተባለ የናካ መሐንዲስ ጎማውን ትቶ ሙቀትን ያዘ፤ የሞተሩን ትርፍ ሙቀት በክንፉ ውስጥ ካሳለፍነው በረዶው ከመጀመሪያውም አይዝም አለ። ለዚህ ሥራው የ1946ን የኮሊየር ሽልማት ተሸለመ። በ1944 ክሊቭላንድ ውስጥ በረዶ ለማጥናት ብቻ የተሠራ የነፋስ ዋሻ ሥራ ጀመረ፤ ዛሬም ይሠራል። ጄት ሲመጣ የሮደርት ሐሳብ አሸነፈ። የጄት ሞተር የሚሰጠው የጋለ አየር ሞልቶ የተረፈ ስለሆነ የቦይንግ ክንፍ በዚያ ይሞቃል። ላዩም ላይ ጄቱ በደቂቃዎች ውስጥ የበረዶውን ደመና ሰንጥቆ ከላይ ይወጣል።

ሙቀቱ ለትልቁ፣ ጎማው ለትንሹ ቀረ። ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን የሚቆጥበው ሙቀት የለውም፤ የሚበርበትም ከፍታ ጄቱ በጥድፊያ የሚያልፈው የበረዶ ደመና ያለበት ነው። ከእሱ በታች ያለውና በዓለም ብዙ ሰው በረራ የተማረበት ሴስና 172 ደግሞ ለክንፉ ጎማም ሙቀትም የለውም። አንዳንድ ትንንሽ አውሮፕላኖች በረዶ የሚከላከል ፈሳሽ ከክንፋቸው ጠርዝ ያንጠባጥባሉ። የቀሩት ያላቸው መከላከያ መመለስ ነው፤ ደመናው ውስጥ አለመግባት፣ ከገቡም ሳይዘገዩ መውጣት። ታዲያ ትልቁ ላይ የወጣው የምርምር ገንዘብና ትንሹ ላይ የወጣው ሲነጻጸር፣ ትንሹ በአፈ ታሪክ ቢተዳደር ያስደንቃል? እኔን አያስደንቀኝም።

ዓመታት አለፉ። ጎማው ተሻሻለ፤ ቱቦዎቹ ጠበቡ፣ አጠሩ፣ ግፊቱ በረታ፣ በቅጽበት የሚነፋና በቅጽበት የሚከሳ ሆነ። ምክሩ ግን አብሮ አልተሻሻለም። ለምን ኖረ? ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው፣ ጎማውን ቀድሞ የነፋ አብራሪ በመጀመሪያው ንፊት በረዶው ሙሉ በሙሉ ሲለቅለት አያይም። ጥቂት ይቀራል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ነው የሚጠራው። አብራሪው ግን የቀረውን አይቶ «ይኸው ድልድዩ!» ይላል። ሁለተኛው፣ ጠብቆ የተረፈ ሰው ምክሩን ያመሰግናል፤ ጠብቆ የሞተ ሰው አይመሰክርም።

ጥቅምት 31 ቀን 1994 ከኢንዲያናፖሊስ ወደ ቺካጎ የሚበር ኤቲአር 72 ሮዝላውን በተባለች የኢንዲያና መንደር አጠገብ የአኩሪ አተር ማሳ ላይ ወድቆ 68ቱም ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። ቺካጎ ስለተጨናነቀች 10,000 ጫማ ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ ተነግሮት ነበር። ጎማው ይሠራ ነበር። ችግሩ የጠብታው መጠን ሆኖ ተገኘ። አውሮፕላኖች በረዶ ውስጥ እንዲበሩ ፈቃድ የሚሰጣቸው በ1940ዎቹ ልኬት ላይ ተመሥርቶ በተጻፈ ደንብ ነው፤ ደንቡ የሚያውቀው ትልቁ ጠብታ 50 ማይክሮን ነው፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት የማይበልጥ። የዚያን ዕለቱ ደመና ግን ካፊያ ነበረበት፤ ካፊያ እስከ አሥር እጥፍ ይደርሳል። ትልልቁ ጠብታ ጠርዙ ላይ ወዲያው ሳይረጋ ወደ ኋላ እየፈሰሰ ጎማው ከሚደርስበት ባሻገር ረጋና እንደ ግድግዳ ቆመ። አውቶፓይለቱ ሲለቅ አውሮፕላኑ በድንገት ተገለበጠ። የአሜሪካ መርማሪዎች አምራቹን፣ የፈረንሳይንና የአሜሪካን ተቆጣጣሪዎች ወቀሱ፤ ፈረንሳዮቹ አልተስማሙም፣ የአብራሪዎቹን ሥራ አነሱ። የኤቲአር ጎማዎች ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ እንዲሰፉ ተደረገ።

በሮዝላውን ላይ የቆየሁት አብራሪ ሁሉን በትክክል አድርጎም ሊሞት እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። ቀጣዩ ግን ምክሩ ራሱ ያለበት ነው።

የብራዚሉ ኢምብራየር፣ ኢኤምቢ 120 የተባለውን ባለ 30 መቀመጫ አውሮፕላኑን ጉዳይ መርምሮ በሚያዝያ 1996 የበረራ መመሪያውን አሻሻለ፦ የበረዶ ምልክት እንደታየ ጎማውን ንፉ። መንግሥት ያጸደቀው ማሻሻያ ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ግን ወደ ራሳቸው መመሪያ አላስገቡትም። ኮምኤር የተባለው አየር መንገድ አንዱ ነበር። ምክንያቱ የበረዶ ድልድይ ፍርሃት ነው። የሠሪው ወረቀት «ንፋ» ይላል፣ የአየር መንገዱ ወረቀት «ጠብቅ» ይላል፣ አብራሪው የሚይዘው ደግሞ የቀጣሪውን ነው።

ዘጠኝ ወር አለፈ። ጥር 9 ቀን 1997 የኮምኤር በረራ 3272 ከሲንሲናቲ ተነስቶ ዲትሮይት ለማረፍ ሲቃረብ አውቶፓይለት ላይ ነበር። ክንፉ ላይ የያዘው ስስ ሻካራ በረዶ ነው፤ ጠብቁ ከተባለው ውፍረት ያልደረሰ፣ ምናልባትም ከመቀመጫቸው በቅጡ የማይታያቸው። ጎማው አልተነፋም። ተቆጣጣሪው ፍጥነታቸውን ወደ 150 ኖት እንዲቀንሱ ነገራቸው። አውሮፕላኑ እየዞረ ሳለ ክንፉ እየደከመ ሄደ፤ አውቶፓይለቱም በትጋት እያካካሰ ድካሙን ከአብራሪዎቹ እጅ ደበቀ። አውቶፓይለቱ አቅቶት ሲለቅ የመውደቂያ ማስጠንቀቂያውም ያኔ ነው የጮኸው። ሞንሮ፣ ሚሺጋን አጠገብ 29ኙም ሞቱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ዋናውን ጥፋት የጣለው በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ላይ ነው፤ የበረዶ ፈቃድ መስፈርቱ በቂ ስላልነበረ፣ የተሻሻለው የጎማ አሠራር በአየር መንገዶቹ ሥራ ላይ እንዲውል ስላላደረገ፣ በበረዶ ውስጥ ዝቅተኛ ፍጥነት ስላልወሰነ። ያለወትሮው ግልጽ የሆነ ወቀሳ ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ክሊቭላንድ በሚገኘው የናሳ ማዕከል፣ ያ የነፋስ ዋሻ ባለበት ግቢ፣ ጎማ ሠሪዎች፣ አውሮፕላን ሠሪዎች፣ አብራሪዎችና ተመራማሪዎች ስለ በረዶ ድልድይ ብቻ ሊነጋገሩ ተሰበሰቡ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ በዘመናዊ ጎማ ላይ ድልድይ ያየ፣ የለካ፣ ያስመዘገበ አለ? አልተገኘም። ስንት ሺህ አብራሪ የተማረበት ነገር ሲፈተሽ ከሥሩ ማስረጃ የለውም። ከ1999 ጀምሮ ለብዙ ባለ ጎማ አውሮፕላኖች «እንደጀመረ ንፉ» የሚል ግዴታ ወጣ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። የካቲት 16 ቀን 2005 አንድ ትንሽ የቢዝነስ ጄት፣ ሴስና ሳይቴሽን 560፣ ፑዌብሎ ኮሎራዶ ለማረፍ ሲቃረብ ወድቆ 8 ሰዎች ሞቱ። ጄት ቢሆንም የዚህኛው ክንፍ መከላከያ ጎማ ነው። በመቃረቢያው የመጨረሻ ክፍል ጎማው አልተነፋም ነበር፤ ፍጥነቱም ወርዶ ነበር። ቦርዱ በታኅሣሥ 2008 ለአብራሪዎች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ማውጣት ግድ ሆነበት፦ በረዶ ያለበት አየር ውስጥ እንደገባችሁ ጎማውን አስነሱ። ከክሊቭላንዱ ስብሰባ 11 ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። የካቲት 12 ቀን 2009 ቡፋሎ አጠገብ የወደቀውና 50 ሰው የገደለው የኮልጋን በረራ 3407 ብዙ ጊዜ የበረዶ አደጋ ተብሎ ይወራል። አውሮፕላኑ ኪው 400 ስለነበረ እኛም ዘንድ ወሬው ሲነሳ ሰምቻለሁ። በረዶ ነበረ፣ አብራሪዎቹም ስለ በረዶ ሲያወሩ ተቀድተዋል፤ የበረዶ ማስወገጃው ግን በርቶ ነበር፣ በረዶውም አውሮፕላኑን የሚጥል አልነበረም። ፍጥነቱ ወረደ፣ ማስጠንቀቂያው መጣ፣ ካፒቴኑ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ሲገባው መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። የምርመራው መደምደሚያ ይህ ነው። በጎማው ላይ አናሳብብ።

ለአገራችን የሚቀርበው ሌላው ትንሽ አውሮፕላን ሴስና ካራቫን ነው፤ ለቻርተርና ለእርዳታ በረራ የምናየው ባለ አንድ ሞተሩ። በጥር 2006 የአሜሪካው ቦርድ ስለ ካራቫን አስቸኳይ ምክረ ሐሳብ አውጥቷል፤ በረዶ ውስጥ ፍጥነቱ ከ120 ኖት እንዳይወርድ፣ አውቶፓይለቱም እንዲለቀቅ። የኮምኤርን ነገር ላስተዋለ ሁለቱም ትርጉማቸው ግልጽ ነው። «በእኛ አገር ምን በረዶ አለ?» የሚል አይጠፋም። በምድር ወገብ አቅራቢያ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ግድም ነው። ከባሕር ጠለል ለሚነሳ አውሮፕላን ይህ ሩቅ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የራስ ደጀን ጫፍ ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ከተራራው ላይ 600 ሜትር ያህል ርቀት ጠብቆ የሚያልፍ አብራሪ በክረምት ደመና ውስጥ ከዜሮ መስመሩ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ሞቃቱ አየር ከበታቹ አለ፤ በበታቹ ግን ተራራውም አለ። የአሌጌኒ ፖስተኞች ጭንቀት ይኸው ነበር።

ወደ ደንቡ ልመለስ። ሮዝላውን ላይ የተገኘው የትልልቅ ጠብታ ችግር የአሜሪካ ደንብ ውስጥ የገባው በ2014 ነው፤ ከአደጋው 20 ዓመት በኋላ። የትንንሾቹ አውሮፕላኖች ደንብ ደግሞ ተሻሽሎ ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። የ2014ቱ ደንብ የሚመለከተው ከዚያ ወዲህ አዲስ ዲዛይን ሆነው ፈቃድ የሚጠይቁትን ነው። ከዚያ በፊት ፈቃድ ያገኙት በድሮው፣ በ50 ማይክሮኑ ልኬት መብረራቸውን ቀጥለዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። እያንዳንዱን እንደገና መፈተን ውድ ነው፣ ይገባኛል። ግን ተሳፋሪው ቲኬት ሲቆርጥ ይህን የሚነግረው የለም።

ነሐሴ 9 ቀን 2024 የቮኤፓስ አየር መንገድ ኤቲአር 72 ከካስካቬል ወደ ሳኦ ፓውሎ ሲበር ቪንየዱ በተባለች የብራዚል ከተማ መኖሪያ ሰፈር ላይ እየተሽከረከረ ወደቀ። 62ቱም ሞቱ። በቀጣዩ ወር የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት የክንፉ በረዶ ማስወገጃ በበረራው ላይ ሲበራና ሲጠፋ እንደነበር፣ ረዳት አብራሪውም ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ በረዶው ብዙ መሆኑን ሲናገር በድምፅ መቅጃው መገኘቱን መዝግቧል።